የፒኤስኤ ውጤት እንዴት ይነበባል? ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የደም ምርመራ

ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ የሚለካው ካንሰርን ሳይሆን የፕሮስቴት እጢ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ጤነኛውም፣ በዕድሜ ያደገውም፣ የተቆጣውም፣ ካንሰር የያዘውም እጢ ያመነጨዋል። የውጤት ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚያጣው፣ ምልክት ያላየውም ነገሩን ጨርሶ የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይነገረው በመቅረቱ ነው።

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠ እጢ ነው። ከኋላው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ይገኛል፤ ሐኪም በጣቱ ሊዳስሰው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሽንት ቧንቧ በመካከሉ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ እጢው ሲያድግ ሽንት ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይቀሰቅሳል። በወጣትነት መጠኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ካንሰር ያልሆነ እድገት ያሳያል፤ 60፣ 80፣ አንዳንዴም ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይደርሳል። ዋና ሥራው ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን ማመንጨት ሲሆን፣ ፒኤስኤም በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ነው። የዘር ፈሳሽ እንደወጣ ይረጋል፤ ፒኤስኤ የረጋውን አቅጥኖ የዘር ሕዋሳቱ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል። በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው መጠን በደም ውስጥ ካለው በሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ወደ ደም የሚያመልጠው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ የሚለካው በናኖግራም፣ ማለትም በአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። የካንሰር ሕዋስ ከጤነኛው ሕዋስ የበለጠ ፒኤስኤ አያመርትም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው የሚያመርተው። ልዩነቱ ፕሮቲኑን ከደም የሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። በጤነኛ እጢ ውስጥ ፒኤስኤ ወደ ጥቃቅን ቱቦዎች ይፈስሳል፤ በቱቦዎቹ ዙሪያ የተደረደሩት ሕዋሳትና ስሱ ሽፋን ወደ ደም ሥር እንዳይገባ ያግዱታል። ካንሰር ይህን አጥር ሲያፈርስ ፕሮቲኑ ወደ ደም ይገባል። አጥሩን የሚያላላው ግን ካንሰር ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የእጢው መቆጣት፣ በሽንት ቧንቧ የገባ የላስቲክ ቱቦ፣ የሽንት መታገት፣ ከእጢው ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ሁሉ ያላሉታል። እጢው በጣም ሲያድግ ደግሞ አጥሩ ሳይፈርስም ከብዛቱ የተነሳ ወደ ደም የሚያልፈው ይጨምራል። ትኩሳት ወባም፣ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ከፍ ያለ ፒኤስኤም አንድ ነገር መኖሩን እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም።

ምርመራው ወደ ሕክምና የገባው ቀስ በቀስ ነው። ሪቻርድ አብሊን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕሮስቴት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ለእጢው የተለየ ፕሮቲን መኖሩን ገለጸ። በ1979 በኒውዮርክ ግዛት፣ በቡፋሎ ከተማ በሚገኘው የሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ለይተው አጣሩት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1986 ምርመራውን ሲፈቅድ ዓላማው ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁ ሰዎችን መከታተል ብቻ ነበር። ምልክት በሌላቸው ወንዶች ላይ ካንሰርን ፈልጎ ለማግኘት፣ በጣት ከሚደረገው ምርመራ ጋር ተጣምሮ እንዲውል የተፈቀደው በ1994 ነው። ሐኪሞች ግን ፈቃዱን አልጠበቁም፤ በአሜሪካ አዲስ የተገኘው የፕሮስቴት ካንሰር ቁጥር በጣም አሻቅቦ ጣሪያ የነካው በ1992 ነበር። አብሊን ራሱ በኋለኛው ዕድሜው ምርመራው ጤነኛ ነን በሚሉ ወንዶች ላይ በጅምላ መደረጉን አጥብቆ ተቃውሟል።

በዚያ ዘመን 4.0 ናኖግራም በሚሊ ሊትር የ«ጤነኛ» እና የ«አጠራጣሪ» ድንበር ሆኖ ተለመደ። ዛሬም አብዛኛው የውጤት ወረቀት ላይ የሚታተመው ይኸው ቁጥር ነው። ይህ መስመር ሰዎች ለአሠራር እንዲመች የተስማሙበት እንጂ ተፈጥሮ ያሰመረችው አይደለም። በ1993 በአሜሪካ በተጀመረ ትልቅ የመከላከያ ጥናት ላይ ከተሳተፉት መካከል 2,950 ወንዶች ፒኤስኤያቸው ለሰባት ዓመት ከ4.0 አልፎ ባያውቅም፣ በጣት ምርመራም ምንም ባይገኝባቸውም ናሙና ተወሰደላቸው። ውጤቱ በ2004 ሲታተም 15.2 ከመቶ የሚሆኑት ካንሰር እንደተገኘባቸው ታወቀ። ከ0.5 በታች በሆኑት ላይ 6.6 ከመቶ፣ ከ3.1 እስከ 4.0 በሆኑት ላይ ደግሞ 26.9 ከመቶ ነበር። በተቃራኒው ከ4 እስከ 10 ባለው ክልል ውስጥ ካሉት ወንዶች ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው፤ ሦስቱ ነፃ ናቸው። ከ10 ሲያልፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የሚታየው ካንሰር ፈጽሞ የለም የሚባልበት የፒኤስኤ መጠን እንደሌለ ነው። ስጋቱ ከፒኤስኤው ጋር ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ 4.0 ላይ ሲደርስ ዘሎ አይነሳም፤ 3.9 እና 4.1 በተግባር አንድ ናቸው። በጥናቱ በዝቅተኛ ፒኤስኤ ከተገኙት ካንሰሮች አብዛኞቹ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዓይነት ነበሩ፤ ወደ 15 ከመቶ የሚሆኑት ግን ክፉ ጠባይ ነበራቸው። ጥቂት በጣም ክፉ የሆኑ ካንሰሮችም ከፕሮስቴት ሕዋስ ጠባይ እጅግ ከመራቃቸው የተነሳ ፒኤስኤ ማምረት ያቆማሉ። ስለዚህ በሐኪም ጣት የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት ካለ የደሙ ቁጥር ዝቅ ማለቱ ብቻውን ነፃ አያወጣም።

አንድ ውጤት ከመተርጎሙ በፊት ደሙ በተወሰደበት ሰሞን የነበረው ሁኔታ መታወቅ አለበት። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ አላስፈላጊ መከራን ያስቀራል። የሽንት ቧንቧ ወይም የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ፒኤስኤን በአሥር እጥፍ እንኳ ሊያንረው ስለሚችል ከዳነ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። ናሙና ከተወሰደም በኋላ እንዲሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት። የዘር ፈሳሽ ማፍሰስና ረጅም የብስክሌት ጉዞ ለጊዜው ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ከምርመራው በፊት 48 ሰዓት መታቀብ ይመከራል። በጣት የሚደረግ ምርመራ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ውጤቱን ይህን ያህል አይለውጠውም።

በኢትዮጵያ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው የሽንት መታገት ነው። ብዙ አረጋውያን ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ሽንታቸው ጨርሶ ሲዘጋ ነው። ድንገተኛ ክፍል ላይ የሽንት ማስወጫ ቱቦ ይገባላቸዋል፤ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ደማቸው ለፒኤስኤ ይላካል። መታገቱም ቱቦውም ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርጉ በዚያ ሰዓት የተገኘ 12 ወይም 18 ካንሰር ከሌለበት እጢም ሊመጣ ይችላል። ኢንፌክሽን ታክሞ፣ እጢው አርፎ፣ ከሳምንታት በኋላ መድገም ቤተሰቡን ከከንቱ ፍርሃት፣ በሽተኛውንም ካላስፈላጊ መርፌ ያድናል።

መድኃኒቶችም ይቆጠራሉ። ለእጢ እድገት የሚሰጡት ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከተወሰዱ ፒኤስኤን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ፊናስቴራይድ በአነስተኛ መጠን ለራስ በራነትም ስለሚሸጥ ተጠቃሚው እንደ መድኃኒት ላይቆጥረው፣ ለሐኪሙም ላይናገረው ይችላል። መድኃኒቱን ለዓመት የወሰደ ሰው ውጤቱ 3.1 ከሆነ የሚነበበው 6.2 ተደርጎ ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ፒኤስኤው ከዝቅተኛው ነጥብ ተነስቶ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም መታየት አለበት። ታምሱሎሲን ግን ሽንት የሚያቀልለው በሌላ መንገድ ስለሆነ ውጤቱን አይነካውም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን በአንዳንድ መመርመሪያዎች ላይ ቁጥሩን በሐሰት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ፕሮቲኑ በሰፊ የደም መጠን ውስጥ እንዲቀጥን ስለሚያደርግ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ቁጥሩ ያለ ምንም ምክንያትም ይወዛወዛል። በአንድ ሰው ላይ በተለያየ ሳምንት የተወሰደ ፒኤስኤ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ሊለያይ ይችላል። ባለፈው ዓመት 3.8፣ ዘንድሮ 4.4 ያገኘ ሰው ፒኤስኤው «ጨመረ» ለማለት ገና ነው፤ ለውጡ ከተፈጥሯዊው መዋዠቅ አይወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ የተገኘ ውጤት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲደገም በብዙዎች ላይ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለዚህም ነው የአሜሪካም የአውሮፓም የዩሮሎጂ ማኅበራት ወደ ሌላ እርምጃ ከመሄድ በፊት ምርመራውን ድገሙ የሚሉት። አንድ ጎጂ ልማድ ግን አለ፤ ምንም የኢንፌክሽን ምልክት ለሌለው ሰው «ምናልባት ይወርድ እንደሆነ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ቁጥሩ በራሱም ጊዜ ሊወርድ ስለሚችል መውረዱ ምንም አያረጋግጥም፤ መድኃኒቱ ግን ተህዋስያን እንዲለምዱት መንገድ ይከፍታል።

መድገሙ በዚያው ላቦራቶሪ ቢሆን ይሻላል። መመርመሪያዎቹ የሚስተካከሉበት መለኪያ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የተስተካከለ መሣሪያ ከቀድሞው መለኪያ ከ20 እስከ 25 ከመቶ ዝቅ አድርጎ ያነባል። በአዲሱ 3.1 የሚለው በአሮጌው 4.0 ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ፣ ዱባይ ላይ ሌላ ጊዜ፣ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ለሚመረመር ሰው ይህ ልዩነት በሽታ ሊመስለው ይችላል። የመለኪያ አሃዱ ግን አያሳስብም፤ አንዳንድ አገሮች ማይክሮግራም በሊትር ብለው ቢጽፉትም ከናኖግራም በሚሊ ሊትር ጋር ፍጹም እኩል ነው።

ተደግሞም ከፍ ያለ ውጤት ሲገኝ ቀጣዩ ጥያቄ «ለማን?» የሚለው ነው። በመጀመሪያ ዕድሜ አለ። በ1993 በሚኔሶታ ከተደረገ ጥናት የተወሰደ አንድ የታወቀ ሠንጠረዥ ላይኛውን ጣሪያ በአርባዎቹ ዕድሜ 2.5፣ በሃምሳዎቹ 3.5፣ በስድሳዎቹ 4.5፣ በሰባዎቹ 6.5 ያደርገዋል። ጥናቱ የተደረገው በነጮች ላይ በመሆኑ ለሌላው ሕዝብ እንደ ሕግ ሊወሰድ አይገባም፤ ዋናው ሐሳብ ግን ትክክል ነው፤ ለ45 ዓመት ሰው 3.2 አሳሳቢ ሲሆን ለ75 ዓመት ሰው ምንም ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው የእጢው ስፋት ነው። እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ ብዙ ይረዳል። ሁለት የ62 ዓመት ወንዶች ሁለቱም ፒኤስኤያቸው 5.2 ነው እንበል። የአንደኛው እጢ በአልትራሳውንድ ሲለካ 60 ሚሊ ሊትር፣ የሁለተኛው 25 ሚሊ ሊትር ሆነ። ፒኤስኤው በእጢው መጠን ሲካፈል ለመጀመሪያው 0.09 ገደማ፣ ለሁለተኛው 0.21 ገደማ ይመጣል። በሕክምናው ዓለም የፒኤስኤ ጥግግት የሚባለው ይህ ነው፤ ከ0.15 ሲያልፍ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የመጀመሪያው ሰው ቁጥር በሰፊው እጢው ይብራራል፤ የሁለተኛው አይብራራም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ቢመጡም መንገዳቸው ሊለያይ ይገባል። ኤምአርአይ የተባለው የምስል ምርመራ ዋጋ ከአቅም በላይ በሆነበት ቦታ ይህ በአልትራሳውንድና በአንድ ማካፈል የሚገኝ መረጃ ከሚገባው በታች መጠቀሚያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ነፃ ፒኤስኤ የሚባለው ነው። በደም ውስጥ ያለው ፒኤስኤ አብዛኛው ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ፣ ቀሪው ብቻውን ይዞራል። ካንሰር ባለበት ነፃው ድርሻ ያንሳል። አጠቃላዩ ከ4 እስከ 10 በሆነ ወንዶች ላይ በተደረገ በ1998 በታተመ ጥናት ነፃው ከ10 ከመቶ በታች ሲሆን የካንሰር ዕድሉ 56 ከመቶ፣ ከ25 ከመቶ በላይ ሲሆን 8 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ነፃው ፒኤስኤ ከተጣበቀው ይልቅ ቶሎ ስለሚፈርስ የደም ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ድርሻው በሐሰት ያንሳል። ከ4 በታች ወይም ከ10 በላይ ለሆነ ውጤት ይህ ምርመራ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። የዓመታዊ ጭማሪ ፍጥነትም አንድ ዘመን ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በዓመት ከ0.75 በላይ መጨመር እንደ አደጋ ይታይ ነበር። ኋላ ላይ ግን አሁን ካለው ቁጥር የበለጠ ብዙ እንደማይናገር ስለታወቀ ብቻውን ለናሙና ምክንያት አይሆንም።

ቤተሰብም ይጠየቃል። አባቱ ወይም ወንድሙ የፕሮስቴት ካንሰር የያዘው ሰው ስጋቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ብራካ 2 በተባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት ያለባቸው ወንዶች ክፉ ጠባይ ላለው ካንሰር የተጋለጡ ናቸው፤ ስለዚህ በእናት ወገን ያለ የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰርም ይነገራል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ከነጮች በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ የአገሪቱ የዩሮሎጂ ማኅበር በ2023 መመሪያው እነርሱ ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ፣ ሌሎች ከ45 እስከ 50 ባለው ዕድሜ የመጀመሪያውን ምርመራ ማድረግ እንደሚችሉ ይገልጻል። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ሐኪሙ በዚሁ መደብ ሊያየው ይችላል። ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ የሄዱ አሜሪካውያንን የሚመለከቱ ናቸው፤ ቁጥራቸው ለኢትዮጵያ ተወላጅ በቀጥታ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ተመዝኖ ጥርጣሬው ከቀጠለ ዛሬ ቀጣዩ እርምጃ፣ በሚገኝበት ቦታ፣ ኤምአርአይ ነው። በ2018 የታተመ፣ 500 ወንዶችን ያካተተ ጥናት አስቀድሞ ኤምአርአይ ተነስቶ በታየው ቦታ ላይ ብቻ ናሙና ሲወሰድ ትርጉም ያለው፣ ማለትም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ካንሰር በ38 ከመቶው፣ በቀድሞው ዘዴ በደፈናው ሲወሰድ ደግሞ በ26 ከመቶው ላይ እንደተገኘ አሳይቷል። ለምስሉ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 1 እና 2 የሚያረጋጉ፣ 4 እና 5 ናሙና የሚጠይቁ ናቸው። ካንሰር መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ብቻ ነው። ናሙናው በፊንጢጣ በኩል ወይም በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ይወሰዳል፤ ሁለተኛው መንገድ የኢንፌክሽን አደጋው ያነሰ ነው።

የናሙናው ውጤት የሚጻፈው በግሊሰን ነጥብ ነው። ዶናልድ ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1960ዎቹ ያወጣው ይህ አሰጣጥ በብዛት የሚታዩትን ሁለት የሕዋስ አደራደሮች ነጥብ ይደምራል። ዛሬ ዝቅተኛው ድምር 6 ነው፤ ከአሥር ስድስት ሲባል የከፋ ቢመስልም በእርግጥ የመጨረሻው ለስላሳ ዓይነት ነው። ሰባትም ሁለት ዓይነት ነው፤ 3 ሲደመር 4 የተባለው ከ4 ሲደመር 3 የተሻለ ጠባይ አለው። ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት አሁን ከ1 እስከ 5 ያለ ደረጃ አብሮ ይጻፋል።

ለስላሳው ዓይነት መኖሩ በዚህ ምርመራ ላይ ለሚደረገው ረጅም ክርክር ሥሩ ነው። ብዙ የፕሮስቴት ካንሰሮች ባለቤታቸው በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ዝም ብለው ይኖራሉ። ምርመራው እነዚህንም ይይዛቸዋል፤ ከተያዙ በኋላ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር የታከመ ሰው ሽንት ያለመቆጣጠርና የወሲብ ድክመት ሊደርስበት ይችላል። በስምንት የአውሮፓ አገሮች ከ55 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 162,000 ያህል ወንዶች ያካተተው ትልቁ ጥናት ለ23 ዓመት ክትትል ተደርጎበት በ2025 ሲታተም፣ ለምርመራ በተጋበዙት ላይ በፕሮስቴት ካንሰር መሞት በ13 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። በሌላ አነጋገር አንድ ሞት የሚቀረው 456 ወንዶች ተጋብዘው፣ 12 ተጨማሪ ሰዎች ካንሰር አለባችሁ ተብለው ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ግን ትንሽና ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት የመኖር ተስፋ ለሌለው ሰው ጉዳቱ አሁን፣ ጥቅሙ ፈጽሞ ላይደርስለት ይችላል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2018 ከ70 ዓመት በላይ ላሉት ምርመራው እንዳይደረግ፣ ከ55 እስከ 69 ላሉት ደግሞ ከሐኪም ጋር ተመካክረው ራሳቸው እንዲወስኑ የመከረው በዚህ ስሌት ነው።

ሚዛኑን ያሻሻለው ካንሰር የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መታከም እንደሌለበት መታወቁ ነው። በብሪታንያ 1,643 ወንዶች በክትትል፣ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ተከፋፍለው ለ15 ዓመት ሲታዩ በሦስቱም ምድብ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በክትትል ላይ የነበሩት ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የመሰራጨቱ ነገር ከፍ ብሎ ነበር፤ 9.4 ከመቶ፣ በሌሎቹ ግን ወደ 5 ከመቶ። ዛሬ ለስላሳ ዓይነት የተገኘበት ሰው በየጊዜው በፒኤስኤ፣ በኤምአርአይና አስፈላጊ ሲሆን በናሙና እየታየ ያለ ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ውሳኔው መሆን ያለበት ደም ከመወሰዱ በፊት ነው። በአዲስ አበባም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም «ጠቅላላ ምርመራ» በሚባሉት ጥቅሎች ውስጥ ፒኤስኤ ሳይጠየቅና ሳይብራራ ተካትቶ ይሠራል። ውጤቱን የሚሰጠው የላቦራቶሪው መስኮት ይሆንና ዕድሜውን፣ የቤተሰቡን ታሪክ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የእጢውን ስፋት የጠየቀ ሰው አይኖርም። ስለ ሽንትና ስለ ወሲብ ከሐኪም ጋር በግልጽ መነጋገር ለብዙ ወንዶች ስለሚከብድም ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል። የመጀመሪያው ውጤት ዝቅተኛ ከሆነ በየዓመቱ መድገም አያስፈልግም። በስዊድን በማልሞ ከተማ ደማቸው ተቀምጦ ለ25 ዓመት ከተከታተሏቸው ወንዶች መካከል በ60 ዓመታቸው ፒኤስኤያቸው ከ1 በታች የነበሩት እስከ 85 ዓመት ድረስ በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው 0.2 ከመቶ ብቻ ነበር፤ በበሽታው ከሞቱት መካከል 90 ከመቶው በዚያው ዕድሜ ከ2 በላይ ከነበሩት ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ መርሐ ግብር የለም፤ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት የጀርባ አጥንት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም የእግር መድከም ካመጣቸው በኋላ ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ፒኤስኤ የሚነበበው በሌላ ዓይን ነው። ከ20 በላይ የሆነ ቁጥር ካንሰሩን ከፍተኛ ስጋት ካለው ምድብ ያስገባዋል፤ ከ100 በላይ ሲሆን በአብዛኛው ወደ አጥንት መሰራጨቱን ይጠቁማል። ከጀርባ ሕመም ጋር እግር መስነፍ ከጀመረ የኅብለ ሰረሰር መጨፍለቅ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

ከሕክምና በኋላ ደግሞ ፒኤስኤ አስተማማኝ መሣሪያ ይሆናል፤ ፕሮቲኑን የሚያመነጭ ሌላ ይህን ያህል የሚቆጠር ምንጭ ስለሌለ ነው። በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ እጢው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ቀድሞ 8 የነበረ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 0.06 ገደማ ይወርዳል። የመጀመሪያው ልኬት ከስድስት ሳምንት በፊት ባይሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ 0.2 ደርሶ ሲደገምም ያው ከሆነ በሽታው ተመልሷል ተብሎ ይታሰባል። በጨረር ለታከመ ሰው ግን እጢው በቦታው ስላለ ቁጥሩ ዜሮ አይሆንም፤ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ያህል ወስዶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለእርሱ መለኪያው የደረሰበት ዝቅተኛ ነጥብ ሲሆን፣ ከዚያ በ2 ናኖግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር የመመለስ ምልክት ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ሕክምና ተመልሶ የሚወርድበት ጊዜም ስላለ፣ አንድ ጭማሪ በታየ ቁጥር ሕክምና አይቀየርም፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለካል።